ለደበዘዘው ፀጉሬ ወዙን ለመለሱልኝ ለሽምብጧ እትዬ

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በባሕር ዳር ከተማ፣ በሽምብጥ ሰፈር፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ፀጉር ለሚሠሩ እናት ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና እንደ እኔ ፀጉራቸው ወዙን አጥቶ የተቸገሩ እህቶች ወደ እርሳቸው እንዲሄዱ ለመጠቆም ነው። ስማቸውን ያልጻፍኩት ፈቃድ ስጠይቃቸው «ሥራዬን ይወቁት እንጂ ስሜን ምን ያደርጉታል?» ብለው ስለከለከሉኝ ነው። ሰፈርተኛው ሁሉ «እትዬ» ብቻ ስለሚላቸው እኔም በዚሁ እቀጥላለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በጥር 2016 ዓ.ም. በታናሽ እህቴ ሠርግ ዋዜማ ነው። ስሙን ማንሳት በማልፈልገው አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ በአንድ ቀን ሪላክሰርም (ጥቅልል ፀጉርን የሚዘረጋ መድኃኒት) ቀለምም ተቀባሁ፤ መሽቶ ስለነበርም ፀጉሬ በቅጡ ሳይደርቅ በፔስትራ ተተኮሰ። ብረቱ ፀጉሬን በያዘ ቁጥር የጋለ ምጣድ ላይ ውኃ እንደተረጨ ሁሉ ሽው የሚል ድምፅ ይሰማና ነጭ እንፋሎት ከግንባሬ በላይ ይወጣ ነበር፤ ምን እንደሆነ ስጠይቅ «ቅባቱ ነው፣ አይዞሽ» ተባልኩ። በሠርጉ ዕለት ፀጉሬ እንደ መስታወት ያብለጨልጭ እንደነበር ፎቶግራፎቹ ይመሰክራሉ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ግን ቃጫ ሆነ። ጥቁረቱ ወደ አመድማ ቡኒ ዞረ፤ ማበጠሪያ ሲነካው ይንኮሻኮሽ ጀመር፤ ፀሐይ ላይ ብቆም እንኳ ብርሃን የማይመልስ ደረቅ ነገር ሆኖ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያልሞከርኩት የለም ማለት ይቻላል። የጉሎ ዘይት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ለጋ ቅቤ፣ ፀጉር ያበራል ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ሴረም፣ ሁሉም በየተራ በራሴ ላይ አለፉ። ባበዛሁት ቁጥር ፀጉሬ ይከብዳል፣ አቧራ ይይዛል፣ ትራሴ ቅባት በቅባት ይሆናል፤ ወዝ ግን አልመጣም። በመጨረሻ ጥፋተኛው የቧንቧ ውኃችን ነው ብዬ ደመደምኩ፤ በውኃ ማፍያችን ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት እያየሁ ለራስ መታጠቢያ የታሸገ ውኃ እስከ መግዛት ደረስኩ። ይህን ያነበበ ቢስቅብኝ አልቀየምም፤ ባለቤቴ ቀድሞ ስቆብኛል።

በመጋቢት ወር አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ እየጎተተች እትዬ ዘንድ ወሰደችኝ። ክፍላቸው ሁለት ወንበር፣ ራስ ላይ የሚደፋ አንድ አሮጌ የፀጉር ማድረቂያ ካስክና አንድ ትልቅ የውኃ በርሜል ብቻ ያላት ናት። እትዬ ስለ ዋጋም ስለ ትሪትመንትም አንድ ቃል ሳይናገሩ በሩ አጠገብ ብርሃን ላይ አስቀመጡኝ። ፀጉሬን አበጥረው ማበጠሪያው ላይ ከቀሩት መካከል አንዲት ዘለላ አነሱ፤ ሥሯን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኝ አውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ወደ ጫፏ ሳቧት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝና እንደዚያው እንዳደርግ፣ ቀጥሎም ከጫፏ ወደ ሥሯ እንድመልሳት አዘዙኝ። ስመልሳት ጣቴን ሻከረችኝ።

«ቀረሶ ዓሣ ጠርገሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ጣና ዳር ላደገች ሴት ይህ ጥያቄ አይደለም።

«ከራሱ ወደ ጭራው ስትዳብሺው ይለሰልሳል፤ ከጭራው ወደ ራሱ ስትመልሺው ይቧጥጣል። ፀጉርም ባለ ቅርፊት ነው፣ ልጄ። የጤነኛው ቅርፊት ተኝቷል፤ ያንቺው ቆሟል። የቆመ ቅርፊት ብርሃን አይመልስም።»

በኋላ ያነበብኩት ሁሉ ከዚህ አባባላቸው ጋር ገጥሞ አግኝቼዋለሁ። የፀጉር ዘለላ ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ ላዩን የሚሸፍኑት እጅግ ስስ ቅርፊቶች ደግሞ እንደ ሣር ክዳን ወደ ታች ተደራርበው የተኙ ናቸው። ቅርፊቶቹ ገጥመው ሲተኙ ብርሃን ባንድ አቅጣጫ ይመለስና ፀጉሩ ያበራል፤ ሲነሡና ሲሰባበሩ ብርሃኑ ይበታተናል፣ ፀጉሩም ይደበዝዛል። ሪላክሰር እጅግ ጠንካራ አልካላይ፣ ማለትም የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ኬሚካል፣ በመሆኑ እነዚህን ቅርፊቶች አስነሥቶ ነው ወደ ውስጥ የሚገባው። እርጥብ ፀጉር ላይ የጋለ ብረት ሲያርፍ ደግሞ በዘለላው ውስጥ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፤ ከውስጥ እንደ አረፋ እየነፋም ይሰነጥቀዋል። ያ በሠርጉ ዋዜማ የሰማሁት ሽው ሽው የሚል ድምፅ ይኸው ነበር ማለት ነው። ከቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የሌለው ስለሆነ እንደ ቁስል አይሽርም፤ የተበላሸውን ማለስለስና መሸፈን ይቻላል እንጂ እንደ አዲስ ማድረግ አይቻልም። እትዬን እንዳምናቸው ያደረገኝ ይህንኑ በመጀመሪያው ቀን፣ ገንዘቤን ከመቀበላቸው በፊት፣ በግልጽ የነገሩኝ መሆናቸው ነው። ሌላው ሁሉ «በአንድ ቀን እንመልሰዋለን» ነበር የሚለኝ።

ስለ ውኃው ያቀረብኩትን ክስ በአንድ ጥያቄ ዘጉት። «እናትሽ በምን ይታጠባሉ?» አሉኝ። እናቴ ከእኔው ጋር ነው የሚኖሩት፤ ከዚያው ቧንቧ ይታጠባሉ፤ ሪላክሰር በራሳቸው ዞሮ ስለማያውቅ ሹሩባቸው በስተርጅናም ያብረቀርቃል። ማዕድን የበዛበት ውኃ በፀጉር ላይ ዝቃጭ እንደሚተውና እንደሚያደበዝዝ አልካዱም፤ የእኔን ፀጉር ያደረቀው ግን እሳቱና መድኃኒቱ፣ ያፈነው ደግሞ በላዩ የደራረብኩት ቅባት መሆኑን አስረዱኝ። የታሸገውን ውኃ ጠጪው አሉኝ።

ሥራቸውን በዝርዝር የምጽፈው ለማየት የበቃሁት ጥንቃቄ ስለሚያስገርመኝ ነው። በመጀመሪያ የተጋገረውን ቅባትና ከሴረሙ የቀረውን ሲሊኮን በሚያጠራ ሻምፖ ሁለት ጊዜ አጠቡኝ፤ ሻምፖውን የራስ ቆዳዬ ላይ ብቻ በጣታቸው ሆድ እያሹ፣ ወደ ጫፉ አረፋው ብቻ እንዲወርድ እያደረጉ ነበር። ቀጥለው ወፍራም ኮንዲሽነር ከጆሮዬ በታች ባለው ፀጉር ላይ ቀብተው፣ ሰፋፊ ጥርስ ባለው ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረው ወደ ላይ እየፈቱ፣ በፕላስቲክ ሸፍነው በሞቀ ፎጣ ጠቀለሉኝ። ካስኩን ሊጠቀሙ ነበር፤ መብራት ስለጠፋ ግን ፎጣውን ከፈላ ውኃ እንፋሎት ላይ እያሞቁ ሦስት ጊዜ ቀያየሩልኝ። ኮንዲሽነሩ ከታጠበ በኋላ በግማሽ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በጥብጠው በፀጉሬ ላይ አፈሰሱትና ጥቂት አቆይተው በንጹሕ ውኃ አለቀለቁት። ትንሽ ኮምጣጣነት ያለው ውኃ የተነሣውን ቅርፊት መልሶ እንዲተኛ ይረዳል፤ የማዕድኑንም ዝቃጭ ያለቅቃል። አንዲት ተረኛ «በሎሚ አይሻልም ወይ?» ብላ ብትጠይቅ የሎሚ ጭማቂ ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው እንደሚያቃጥል ነግረው ከለከሏት። በባሕር ዳር የበጋ ፀሐይ ይህን ችላ ማለት አይገባም።

የመጨረሻው መቀስ ነበር። አራት ጣት ያህል ከጫፉ ሲቆርጡ አለቀስኩ ብል ማጋነን አይሆንም፤ እርሳቸው ግን የተሰነጠቀ ጫፍ ካልተቆረጠ ስንጥቁ ወደ ላይ እየወጣ ጤነኛውንም እንደሚያበላሽ እየነገሩ ሥራቸውን ቀጠሉ። በዚያን ቀን ስወጣ ፀጉሬ በእውነት አላበራም። ለስልሶ ነበር፣ ቀሎም ነበር፤ የከፈልኩትም ቀድሞ ለአንድ ፔስትራ ከምከፍለው ያነሰ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ለቤት የሰጡኝ ትእዛዝ አብዛኛው የክልከላ ነው። ሪላክሰር፣ ቀለምና ፔስትራ ፈጽሞ ቀሩ፤ ሳምንት በሳምንት በኮንዲሽነር መታጠብ፣ አቼቶውን በወር አንድ ጊዜ ብቻ መጠቀም፣ ማታ በሳቲን ሻሽ ጠቅልሎ መተኛት፣ ቀን ደግሞ በጠራራ ፀሐይ በነጠላም ቢሆን መከናነብ ሆነ። ቅቤን በተመለከተ የነገሩኝን ብዙ ሴቶች ሊሰሙት የሚገባ ይመስለኛል። እትዬ ቅቤን አይጠሉም፤ ነገር ግን ቅቤ ውኃን ያግዳል እንጂ ውኃ አይሰጥም ይላሉ። ደረቅ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅቤ ድርቀቱን ነው ሸፍኖ የሚያስቀምጠው፤ ስለዚህ ታጥቦ ገና እርጥብ በሆነ ፀጉር ላይ በጣም ጥቂት ተቀብቶ፣ በሚቀጥለው እጥበት በሚገባ መውጣት አለበት። እኔ እኮ ላዩ ላይ እየጨመርኩ ወር ሙሉ ሳልታጠብ እቆይ ነበር። ቅቤው በማይመች ቀን፣ በተለይ ለቢሮ ሽታው ሲከብድ፣ ተልባ ቀቅለው ያጠለሉትን ዝልግልግ ነገር በጠርሙስ ይሰጡኛል፤ እርሱም ፀጉሩን በስሱ ሸፍኖ ቅርፊቱን ያስተኛዋል።

ጉድለታቸውንም ካልጻፍኩ ምስጋናዬ ውዳሴ ብቻ ይሆናል። እትዬ ቀርፋፋ ናቸው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቀጥረውኝ ስድስት ሰዓት ላይ ወንበር ያገኘሁበት ጊዜ አለ። ቁጣም አለባቸው። በ2017 ዓ.ም. ለመሥሪያ ቤታችን በዓል «ለአንድ ቀን ብቻ ተኩሱኝ» ብዬ ለመንኳቸው፤ «የአሥር ወር ልፋቴን ላቃጥለው ነው?» ብለው ማበጠሪያውን አስቀመጡና ወደ ሌላዋ ደንበኛ ዞሩ። በዚያ ቀን ተቀይሜ ወጥቻለሁ። ፀጉሬን ጎንጉኜ በዓሉን አሳለፍኩ፤ በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ ነገሩን ረስተውት አገኘኋቸው። ሌላው ደግሞ፣ ፀጉሬ በእፍኝ ይረግፋል፣ ድካምም አለኝ ለምትል ሴት ምንም አይሠሩላትም፤ ደም ማነስ ወይም የእንቅርት ዕጢ ችግር ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ሂጂ ብለው ይሸኟታል። ለዚህም የሚያስከፍሉት ነገር የለም።

ፀጉር በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚያድግ ለውጡ የሚታየው በዝግታ ነው። ይህን የምጽፈው በኅዳር 2018 ዓ.ም. ነው፤ ከሃያ ወር በኋላ ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል አዲስ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ፀጉር አለኝ፤ አሮጌው በየሦስት ወሩ እየተቆረጠ ሊያልቅ ጫፍ ላይ ደርሷል። እንደ ሠርጉ ቀን አያብለጨልጭም። እንደ እኔ ያለ ጥቅልል ፀጉር ጠመዝማዛ ስለሆነ ብርሃንን እንደ ለጥ ያለ ፀጉር አንድ ላይ አይመልስም፤ ከራስ ቆዳ የሚወጣውም ወዝ በጥምዝምዙ ላይ እስከ ጫፍ አይደርስለትም። «ያንቺ ፀጉር የሚያበራው እንደ ጀበና ነው እንጂ እንደ መስታወት አይደለም» ይሉኛል እትዬ፤ ጠዋት መስኮቱ አጠገብ ቆሜ ሳየው በእርግጥም የተወለወለ ጀበና ወዝ አለው።

ወደ እርሳቸው ለመሄድ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና ቤታቸውን አመላክታችኋለሁ። ሰኞ አይሠሩም፤ በሌሎቹ ቀናት ማለዳ መድረስ ይሻላል። ስትሄዱ ፎጣችሁን ያዙ፤ ፀጉራችሁንም ምንም ሳትቀቡት ሂዱ፣ እንዳለ ማየት ይፈልጋሉና። የሙሽራ ተኩስ የምትፈልጉ ግን አትድከሙ።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ እንደምታነብልዎ ነግራኛለች። አሮጌው ጫፍ ተቆርጦ ሲያልቅ አልባሶ እሠራሻለሁ ብለውኝ ነበር፤ ለጥምቀት ይደርሳል ብለዋልና ጥር 9 ቀን ጠዋት ፎጣዬን ይዤ በሩ ላይ ነኝ። እጅዎ ይባረክ።