ፌይዝ በአንዱ ፊት፣ ቮይድ በሌላው

የአባቴ ሸክላ ማጫወቻ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ባለው ቤታችን ሳሎን ጥግ ላይ ዘመናትን አስቆጥሯል። አብረውት የቀሩት ሸክላዎች ሁሉ ትንንሾቹ፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ባለ 45 ናቸው። በአንዱ ፊት አንድ ዘፈን፣ በሌላው አንድ ዘፈን። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ስትመጣ ትልቁን ይዛልኝ መጣች። ፌይዝ እና ቮይድ የሚባሉ ሁለት የሃርድኮር ፓንክ፣ ማለትም የፈጣንና ጩኸታም ሮክ፣ ባንዶች የተካፈሉት ሸክላ ነው። ለአንዱ አንድ ፊት፣ 12፣ 12 ዘፈን። ሁሉም ተደምሮ 40 ደቂቃ አይሞላም።

ዘፈኖቹን ከግቢ ጀምሮ በስልኬ አውቃቸዋለሁ። ስልክ ላይ ግን 24 ዘፈን ተሰልፎ ያልፋል፣ አለቀ። እዚህ ፌይዝ ሲጨርስ ተነስተህ መርፌውን ታነሳለህ፣ ሸክላውን ትገለብጣለህ፣ አቧራውን ትጠርጋለህ። ያቺ የጸጥታ ጊዜ ናት ሁለቱን የምታለያያቸው። ለኔ የዚህ ሸክላ ትልቁ ነገር እሷ ናት።

በፈረንጆቹ 1982 የወጣ ነው። አሳታሚው ዲስኮርድ ነው፤ የዋሽንግተን ልጆች ራሳቸው ያቋቋሙት። የፌይዝ ድምፃዊ አሌክ ማካይ ከአሳታሚው መሥራቾች አንዱ የሆነው የኢያን ማካይ ታናሽ ወንድም ነው። ቮይዶች ግን ከኮሎምቢያ፣ ሜሪላንድ የመጡ ናቸው። በነገራችን ላይ፣ የዋሽንግተን ሃርድኮር ላይ ትልቅ አሻራ ያሳረፉት የባድ ብሬይንስ ባንድ አባላት ጥቁሮችና ራስ ተፈሪያን ነበሩ። ይህን ሙዚቃ ከኛ በጣም ሩቅ አድርጎ ለሚያስብ ሰው ሁሌ የምነግረው ይህንን ነው።

ፌይዝ ልቅም ያለ ነው። ጊታሩና ከበሮው አብረው ይነሳሉ፣ አብረው ይቆማሉ። ሰባተኛው ዘፈን አካባቢ መመሳሰል ይጀምራሉ፣ እሱን አልደብቅም። ግን የአሌክ ድምፅ ሐቀኛ ነው። ንዴቱን ሳያጋንን ይነግርሃል።

ገልብጠው። ቮይድ ፍሬን በጥሶ ከጅሬን ቁልቁል እንደሚወርድ ባጃጅ ነው። በየሰከንዱ አሁን ተገለበጠ ትላለህ፣ አይገለበጥም። ሠርግ ድንኳን ውስጥ ማይክ ስፒከር አጠገብ ሲደርስ የሚያፏጨውን ጩኸት ታውቁታላችሁ አይደል? ሁላችንም ጆሯችንን የምንይዝበትን? ጊታሪስቱ ባባ ዱፕሪ ያንን ጩኸት ይዞ ዜማ ይሠራበታል። ከስንት ዓመት በኋላ አሁንም ያስደንቀኛል። ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ ቮይድን ነው። ፌይዝን ሳልሰማ ግን ቮይድን አልከፍትም፤ ሥርዓቱን ሳታይ መፍረሱ አይገባህም።

የኔው ሸክላ ከአዲስ አበባ ሲመጣ መኪና ውስጥ ፀሐይ አግኝቶት ጠርዙ ትንሽ ጎብጧል። የሁለቱም ፊት የመጀመሪያ ዘፈን ላይ መርፌው ከፍ ዝቅ ይላል። አይዘልም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የምታስመጡ ካላችሁ በእጅ አስይዙት፣ መስኮት ሥር አይቀመጥ። ማጫወቻችሁም 45 ላይ ሳይሆን 33 ላይ መዞሩን አረጋግጡ። የኛ የፍጥነት መቀየሪያ ለዓመታት ስላልተነካ ደርቆ ነበር፤ በጠብታ ዘይት ነው የተላቀቀው።

እማዬ መጀመሪያ የሰማችው ቡና እየቆላች ነው። ፌይዝን ዝም ብላ አሳለፈችው። የቮይዱ ድምፃዊ መጮህ ሲጀምር ግን መቁያውን ከእሳት አወረደችና፣ «ምን አድርገውት ነው ይሄን ልጅ?» አለችኝ። ስለ ሙዚቃው ብዙ የተጻፈ አንብቤያለሁ። እንደዚህ የገባው ሰው ግን አላየሁም።

ባለፈው ሳምንት ማታ የቮይድ ፊት መሀል ላይ መብራት ሄደ። የልጁ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ ቆመ። መርፌውን ሳላነሳ ሻማ ፍለጋ ገባሁ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት ሲመጣ ሸክላው ራሱ መዞር ጀመረ፤ ድምፁም ከታች ተነስቶ እየቀጠነ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«መጣ ልጁ» አለች እማዬ ከጓዳ።