ከጭቃ የተሠራ ቤተ መንግሥት፦ የቱረይፍ ጉብኝቴ

ለሥራ ሪያድ በከረምኩበት ጊዜ ሳላየው ብመለስ የሚቆጨኝ አንድ ቦታ ነበር፤ እርሱም ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ፣ በሐኒፋ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለው የዲርዒያ ከተማ ሰፈር፣ ቱረይፍ ነው። የመጀመሪያው የሳዑዲ መንግሥት መናገሻ የነበረውን ይህን ሰፈር በኢብራሂም ፓሻ የተመራው የኦቶማንና የግብፅ ጦር እ.ኤ.አ. በ1818 አፈራርሶታል፤ ዩኔስኮ ደግሞ በ2010 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ያደግሁት ቢቸና አጠገብ፣ በጭቃ ቤት ውስጥ ስለሆነ ዓይኔ ከሁሉ አስቀድሞ ያረፈው በግድግዳው ላይ ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ከልስኑ ውስጥ ጭድ ብቅ ብቅ ይላል፤ እናቴ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲቃረብ አፈሩን ከጤፍ ጭድ ጋር በእግሯ አቡክታ ቤቱን የምትመርግበት ጭቃ ትዝ አለኝና እጄን ከግድግዳው ላይ ማንሳት አቃተኝ። ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል፤ ይህን እዚያም እዚህም ያውቁታል። ልዩነቱ ያለው በአጥንቱ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ ቤቱን የሚያቆመው እንጨቱና ማገሩ ሲሆን፣ እዚያ ግን በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ በድንጋይ መሠረት ላይ እየተነባበረ ክብደቱን ሁሉ ራሱ ይሸከማል፤ እንጨት በብዛት የሚያስፈልገው ለጣሪያው ሲሆን፣ አስል የሚሉት የበረሃ ዛፍ ግንድ ይጋደምና የዘንባባ ዝንጣፊ ተነጥፎበት ጭቃ ይደፋበታል። እንዲህ ያለው ጠፍጣፋ ጣሪያ ዝናብ ብርቅ በሆነበት አገር ይበቃል፤ በጎጃም ግን አንድ ሐምሌን አይሻገርም ነበር።

ትልቁ ሕንፃ የሳልዋ ቤተ መንግሥት ነው። ከሁሉ ይልቅ የወደድኩት ግን በየግድግዳው ላይ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ የተተዉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው፤ አየርና ብርሃን ያስገባሉ፣ የቤቱን ገመና ግን ለውጭ ዓይን አይሰጡም።

ቅሬታዬ በቦታው ላይ ሳይሆን ይዞን በሄደው አስጎብኚ ላይ ነው። ስለ ጦርነቱ በሰፊው ሲተርክ ቆይቶ፣ ጡቡን ማን እንደሠራውና ልስኑ በስንት ጊዜ እንደሚታደስ ስጠይቀው በችኮላ አለፈኝ። የግንበኞቹን ሙያ ማወቅ ለሚሻ ሰው ያለ አስጎብኚ፣ ቀስ እያሉ መሄድ ይሻላል። ከቀትር ሐሩር ይልቅ ወደ አመሻሹ መድረስም ይበጃል፤ ያኔ ጀንበሯ ዘቅዘቅ ስትል የለሳኙ የጣት ፈለግ በግድግዳው ላይ ጥላ እየጣለ ጎልቶ ይታያል።