የአይብዜ ሐይቅ ዙር በሯጭ ዓይን

በደቡብ ጀርመን፣ በዙግሽፒትሰ ተራራ ግርጌ የተኛው አይብዜ ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚወደሰው ለፎቶግራፍ በሚመች ውበቱ ነው። ዙሪያውን የሚያካልለው 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የእግር መንገድ ለሩጫ ያለው ጥቅም ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። ሙኒክና አካባቢዋ ለምንኖርና በሳምንቱ መጨረሻ ከአስፋልት መራቅ ለምንፈልግ ሯጮች፣ በባቡር ደርሰን በዚያው ቀን ልንመለስባቸው ከምንችላቸው ቦታዎች መካከል ይህን ዙር ከሁሉ አስቀድመዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ከፍታው ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ግራጫው የተራራ ግድግዳ ከሐይቁ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ሲነሣ ለሚያይ ሰው አየሩ የሳሳ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ሐይቁ ያለው ከባሕር ጠለል በላይ 973 ሜትር ላይ ስለሆነ ከፍታው ከአዲስ አበባ ይልቅ ለአዋሽ ሰባት ኪሎ ይቀርባል። የጀርመን ከፍተኛ ተራራ የሆነው ዙግሽፒትሰ ራሱ 2,962 ሜትር በመሆኑ እንጦጦን አይደርስበትም። ስለዚህ የከፍታ ልምምድ ፈልጎ የሚመጣ ሰው እዚህ አያገኘውም፤ የሚያገኘው ሳንባ ሳይጨነቅ እግርን በዳገትና በቁልቁለት የማሠራት ዕድል ነው፤ እኔም ቦታውን የምወደው ስለዚሁ ነው።

ዙሩ የሚጀመረው ከባቡር ጣቢያውና ከመኪና ማቆሚያው በኩል ሲሆን፣ ወደ ቀኝ ታጥፎ ሐይቁን በግራ በኩል እያደረጉ መሮጥን አጥብቄ እመክራለሁ። እንዲህ ሲደረግ አስቸጋሪው ሰሜናዊ ዳርቻ እግር ገና ትኩስ ሳለ ይመጣል። ኡንተርዜ የተባለውን ትንሽ የሐይቁን ክፍል ከዋናው ሐይቅ በሚለየው ጠባብ ቦታ ላይ ያለውን ድልድይ ካለፉ በኋላ መንገዱ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ አጫጭር ዳገቶች ይከታተላሉ፣ አንዱን ወጥቶ ትንፋሽ ሳይሰበሰብ ቁልቁለቱ ይቀበላል። አንዳንድ ቦታ ላይ በእግር ብዛት ልጣቸው ተፍቆ የለሰለሱ የዛፍ ሥሮች መንገዱን ያቋርጣሉ፤ ከዝናብ በኋላ እንደ ሳሙና ስለሚያንሸራትቱ ፍጥነትን ቀንሶና እርምጃን አሳጥሮ ማለፍ ግድ ይላል። ውሃው ጥልቀት በሌለው ዳር ጠጠሩ አንድ በአንድ እስኪቆጠር ድረስ የጠራ ሲሆን፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ሲል ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያም ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል። እውነቱን ለመናገር በዚህ ክፍል ሰዓት እያዩ መሮጥ ከባድ ነው።

የመሬቱ አቀማመጥ እንዲህ የተሰባበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከ3,700 ዓመት ገደማ በፊት ከዙግሽፒትሰ የተናደ ግዙፍ የድንጋይ ክምር ወደዚህ ሸለቆ ወርዶ ተበትኗል፤ ዛሬ ከውሃው ብቅ ብለው የሚታዩት ስምንት ደሴቶችም የዚያ ናዳ ቅሪት ናቸው። ሯጩ በሰሜኑ በኩል የሚወጣቸውና የሚወርዳቸው ጉብታዎች የተፈጠሩትም በዚሁ ናዳ ነው።

ደቡባዊው ዳርቻ በአንጻሩ በጥድ ጫካ ውስጥ የሚያልፍ ሰፊ የኮሮኮንች መንገድ ነው፤ ጥላው ብዙ ነው፣ እይታው ግን ያንሳል። ፍጥነት መጨመር የሚፈልግ ሰው እዚህ ይጨምር። ሁለተኛ ዙር ለመድገም ያሰበም ይህን ክፍል በሶምሶማ አልፎ ጉልበቱን ለሰሜኑ ዳገት ቢቆጥብ ይሻለዋል።

ትልቁ ጉድለት የሰው ብዛት ነው። ከሐይቁ ዳር ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣው የገመድ መኪና በታኅሣሥ 2017 አገልግሎት የጀመረ ሲሆን፣ 127 ሜትር ከፍታ ያለው የብረት ምሰሶው ብቻውን ጎብኚ ይስባል። በበጋ ቅዳሜና እሑድ ከረፋዱ በኋላ ድልድዩ ፎቶግራፍ በሚነሡ ሰዎች ይጨናነቃል፤ መንገዱም የእግረኛ በመሆኑ ቅድሚያ የመስጠት ግዴታ ያለብን እኛ ሯጮቹ ነን። ጋሪ የሚገፉ ወላጆችና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ባሉበት በጠባብ ቦታ እየተጋፉ ማለፍ ነውር ነው። ስለዚህ ወይ በማለዳ መድረስ፣ ወይም ሰው መመለስ በሚጀምርበት ወደ ማታ አካባቢ መሮጥ ያስፈልጋል። በእነዚህ ሰዓቶች ቦታው ፍጹም ሌላ ነው።

ከሙኒክ ወደ ጋርሚሽ ፓርተንኪርሸን የሚሄደው የክልል ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወይም በተራራው ባቡር በግራይናው በኩል ሐይቁ ድረስ መግባት ይቻላል። የመኪና ማቆሚያው ክፍያ ያለበትና በጥሩ አየር ቀን ፈጥኖ የሚሞላ ስለሆነ ባቡሩን እመርጣለሁ።

ጫማን በተመለከተ መሬቱ ደረቅ ሲሆን ሶሉ ያላለቀ ተራ የሩጫ ጫማ ይበቃል፤ በዝናብና በመጸው ቅጠል ወቅት ግን ጥርስ ያለው የጫካ ጫማ ያስፈልጋል። በክረምት መንገዱ በረዶ ሲሠራ ሰሜኑን ክፍል ለሩጫ አልመክረውም። ሜዳ ላይ እኩል ፍጥነት ጠብቆ ለማራቶን መለማመድ ለሚፈልግም ሙኒክ ውስጥ ያለው የኢዛር ወንዝ ዳር ይሻለዋል።