ባለ 41 እና ባለ 64 መቁጠሪያ፦ እንጨቱን ሳይሆን ቁጥሩን ይዩ

ንዋያተ ቅድሳት መሸጫ ውስጥ የተንጠለጠለ መቁጠሪያ ሁሉ ለእኛ ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ጸሎት የተሠራ አይደለም። መስቀሉ ካለበት ጀምረው ዶቃውን አንድ በአንድ ይቁጠሩት፤ 41 ወይም 64 መሆን አለበት። በአሥር በአሥር ተከፍሎ በየመሀሉ ለየት ያለ ዶቃ ካለው የካቶሊኮች ሮዛሪ ነው፤ ወደ መስቀሉ ከሚወርደው ጭራ ጋር 59 ይመጣል። 33 ወይም 99 ከሆነ የሙስሊሞች ነው። ዐረብ አገር ያለ ሰው ገበያ ላይ በቀላሉ የሚያገኘው ይህንኑ ስለሆነ ከአገር ቤት ቢያስልክ ይሻለዋል።

ትክክለኛ ነው ተብሎ በሚሸጠውም ላይ አንድ ዶቃ መጉደሉ ወይም መትረፉ የተለመደ ነው። ጥፋቱ የሚመጣው ከማያያዣዋ ዶቃ ነው። ሁለቱ የክር ጫፎች በአንድ ላይ የሚገቡባት፣ ከመስቀሉ በላይ ያለችው ትልቋ ዶቃ መቆጠር የለባትም። ሠሪው እሷን ጨምሮ 41 ካለ ለጸሎቱ የሚቀረው 40 ብቻ ነው፤ ጣት እዚያ ሲደርስ ዘሎ ያልፋታልና።

ከመቁጠሪያው ከረጢት ጋር የሚሰጠው፣ የቁጥሩን ትርጉም የሚናገረው ወረቀትም እንደ ዶቃው መፈተሽ ያስፈልገዋል። የእመቤታችን ዕድሜ ስለሆነው 64 ሲያብራራ «3 ዓመት በእናት አባቷ ቤት፣ 12 ዓመት በቤተ መቅደስ፣ 33 ዓመት ከልጇ ጋር፣ 15 ዓመት በዮሐንስ ቤት» የሚል ከሆነ ደምሩት፤ 63 ነው። የተዘለለው ጌታን በማኅፀኗ የተሸከመችበት 9 ወር እና ከ33ቱ ዓመት በላይ ያለው 3 ወር ነው። ሁለቱ ተደምረው አንድ ዓመት ይሞላሉ፤ የእመቤታችን ዕድሜም 64 የሚደርሰው በዚህ ነው።

ስለ 41 «ጌታ 41 ጊዜ ተገረፈ» ብሎ የሚያልፍ ወረቀትም አለ፤ ይህ ትርጓሜውን ማሳጠር ሳይሆን ማበላሸት ነው። ኦሪት ዘዳግም 25፥3 ግርፋት ከ40 እንዳያልፍ ያዛል። አይሁድ በስሕተት እንዳያልፉ 39 ላይ ያቆሙ ነበር፤ ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥24 «አንድ ሲጎድል አርባ» የሚለው ይህንኑ ነው። በግብፅ ቤተ ክርስቲያን የታወቀው አቆጣጠር 39ኙን ግርፋት፣ የእሾህ አክሊሉን እና ጎኑን የወጋውን ጦር ይደምራል፤ 41 ይሆናል። ስለ ግርፋቱ ብቻ ሲነሣ በእኛ ዘንድ የሚሰማው 6666 ስለሆነ ሁለቱን የቀላቀለ ወረቀት አንባቢውን ግራ ያጋባል።

አሁን ወደ ዕቃው። ባለ 64 ባለ 8 ሚሊሜትር ዶቃ ሲሆን ዙሪያው 51 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ የአዋቂ ጭንቅላት አያሳልፍም። አንገት ላይ ማጥለቅ የሚፈልግ ባለ 10 ሚሊሜትሩን ይግዛ፤ 64 ሴንቲሜትር ይሆንለታል። ወይም በየዶቃው መሀል ቋጠሮ ያለውን ይምረጥ፤ ቋጠሮው ርዝመት ይጨምራል፣ ዶቃውም ወደ ጎረቤቱ ሳይንሸራተት በጨለማ ጭምር በጣት ይለያል። ባለ 41 ለእጅ ነው፤ 6 ሚሊሜትሩ 25 ሴንቲሜትር ስለሚጠጋ መዳፍን አሳልፎ አንጓ ላይ ያርፋል። ከዚያ ያነሰ ዶቃ ላይ አውራ ጣት ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይጠርጋል፤ ስግደት ላይ ደግሞ ይብሳል።

ላስቲክ ክር አንመክርም። ሲገዙት ይመቻል፣ ሲቆይ ግን ይላላል፤ የሚበጠሰውም ብዙ ጊዜ ከማያያዣዋ ዶቃ ሥር ነው፣ የቀዳዳዋ ጠርዝ ስለታም ከሆነ። ዶቃውን ገፋ አድርገው ክሩ መሻከሩን ይዩ። የተፈተለ የጥጥ ክር ወይም ወፈር ያለ ናይለን ይበልጣል። እንጨቱ ቀለም የተቀባ ከሆነ ነጭ ጨርቅ አርጥበው ያሹት፤ ጨርቁን ካቀለመ በላብና በጠበል ልብስ ያበላሻል። በሙጫ ብቻ የተጣበቀ መስቀልም ለውሃ አይበረታም፤ በክር ወይም በቀለበት የታሰረውን ይውሰዱ።

ሁለቱንም መግዛት ለማይፈልግ ባለ 64ቱ ይበቃል። ከማያያዣዋ ቀጥሎ ካለው ጀምረው 41 ይቁጠሩና ከ41ኛው በኋላ ቀይ ክር አጥብቀው ይቋጥሩበት። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ሲሞላ ጣትዎ ቀዩ ላይ ይቆማል፤ የቀሩት 23 ዶቃዎች ጸሎቱን 64 ጊዜ በሚያደርሱበት ቀን ያገለግላሉ። ክሩን ከማሰርዎ በፊት ግን ከሁለቱም በኩል ይቁጠሩት፤ ከአንዱ 41፣ ከሌላው 23 ካልመጣ ወይ ዶቃው ጎድሏል፣ ወይ ማያያዣዋን ቆጥረዋታል።