ሻንቲኒኬታን የምትሄዱ ወገኖች፣ ዓሣው ፊታችሁ ሳይመዘን እንዳታዙ

ሕንድ ለትምህርትም ሆነ ለሕክምና ያላችሁ ወገኖቼ፣ ምዕራብ ቤንጋል ውስጥ ያለችው ሻንቲኒኬታን ደርሳችሁ «የቤንጋል ባህላዊ ምግብና የሳንታሎች ማዕድ» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ ቆም በሉ። ሳንታሎች እዚያ አካባቢ የሚኖሩ ጎሣ ናቸው። ዛሬ ከሰዓት አጎቴን ይዤ ገብቼ ተዘርፈን ወጣን። ሌላ ቃል የለኝም። የምጽፈው ወደ ኮልካታ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

የቤቱን ዓይነት ታውቁታላችሁ። በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ፣ ላዩ ላይ በነጭና በቀይ አፈር የተሳለ ሥዕል። በሩ ላይ ከበሮ። ምግቡ «ሳል» ከሚባል ዛፍ ቅጠል በተሠራ ሳህን፣ ውሃው በሸክላ ኩባያ ይቀርባል። ከቦልፑር ባቡር ጣቢያ የሚያነሳችሁ የቶቶ ሹፌር፣ ያቺ በባትሪ የምትሄደው ባጃጅ፣ ሳትጠይቁት «ጥሩ ቤት አለ» ብሎ እዚያ ያወርዳችኋል። እናንተ ስትቀመጡ እሱ በጓሮ ዞሮ ይበላል። ይሄን ሁላችንም ለምደነዋል። ኮሚሽኑን ይብላ፤ እኔ በኮሚሽን ከማንም ጋር አልጣላም።

የተጣላሁት በዓሣው ነው።

አጎቴ ሕንድ የመጣው ለዓይኑ ነው። እኔ የምማርበት ቪሳካፓትናም ውስጥ የዓይን ሞራው ተገፎለት፣ ተመስገን፣ ደህና ሆነ። ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ለመነኝ። በንጉሡ ጊዜ ሁለተኛ ደረጃ ሲማር ሒሳብ ያስተማሩት መምህር ሕንዳዊ ነበሩ፤ የቤንጋል ሰው። ያኔ ብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ሕንዶች ያስተምሩ ነበር፣ ታላላቆቻችሁን ጠይቁ። እኚህ መምህር አገራቸው ሲናፍቃቸው ሁለት ነገር ያነሱ ነበር። አንዱ ባለቅኔው ራቢንድራናት ታጎር በ1921 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ሻንቲኒኬታን ላይ ያቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው ኢሊሽ የሚባለው ዓሣ። አጎቴ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስሙን ሳይረሳ ይዞት ኖሯል።

ኢሊሽ የባሕር ዓሣ ነው፤ በዝናቡ ወራት እንቁላሉን ሊጥል ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። ሥጋው ቅባታም ነው፣ አጥንቱ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው። ቤንጋሎች በተፈጨ ሰናፍጭ ለውሰው ያበስሉታል። አሁን ነሐሴ ነው፣ ወቅቱ ነው። ፍልሰታም ተፈትቷል። እኔም «ጋሼ፣ መምህርዎ የሚያወሩትን ዓሣ አበላዎታለሁ» ብዬ ተነሳሁ። እንግዲህ የተወሰደብን ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ ተረዱልኝ።

ሜኑው መጣ። ምግቡ ሁሉ ዋጋ አለው፤ ኢሊሹ ላይ ብቻ «እንደ መጠኑ» ይላል። አስተናጋጁን በሂንዲ ጠየቅኩት።

«ስንት ነው?»

«ቁራጩ 450 ሩፒ።»

«ሁለት ቁራጭ፤ ለእሳቸው አንድ፣ ለእኔ አንድ» አልኩት። ሁለት ጣቴን አነሳሁ። እሱም ሁለት ጣቱን አንስቶ «ሁለት» አለና ጻፈ።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ሙሉ ጥሬ ዓሣ በትሪ ይዞ መጣ። እንደ ማስጌጫ ቅጠል ተነጥፎለታል። «የፓድማ ወንዝ ነው፣ ከባንግላዴሽ፣ ዛሬ የገባ» አለን። አጎቴ ደስ ብሎት ፎቶ አነሳው። አሁን ሳስበው እዚያም ላይ ዋሽቶናል። ባንግላዴሽ ከ2012 ጀምሮ ኢሊሽ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከልክላ፣ ለዱርጋ ፑጃ በዓል ሰሞን ብቻ በልዩ ፈቃድ ነው ወደ ሕንድ የምትልከው። በዓሉ ደግሞ ገና አልደረሰም። ኮልካታ ውስጥ ማንኛውም ዓሣ ነጋዴ ይህን ያውቃል።

ስለ ሌላው ምግብ እውነቱን ልናገር። የቤንጋሉ ትሪ ጥሩ ነበር። በደንቡ መሠረት ከመራራው አትክልት ጀምሮ፣ በምስር አልፎ፣ በቲማቲም ጣፋጭ ማባያና በእርጎ ያበቃል። አጎቴ ወዶታል። «የሳንታሎች» የሚባለው ክፍል ግን ስሙ ብቻ ነው። ጂል ፒታ ጠየቅኩ፤ ሥጋና የሩዝ ዱቄት በሳል ቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል፣ የራሳቸው የሳንታሎች ምግብ ነው። «አልቋል» አሉኝ። በምትኩ የቀርከሃ ዶሮ አመጡ። ቪሳካፓትናም የምንኖር ሰዎች አራኩ ሸለቆ ሄደን ይህን ምግብ በልተናል። ዶሮው እርጥብ ቀርከሃ ውስጥ ተጠቅጥቆ እሳት ላይ ይጋደማል፤ ዘይት የለውም፣ ቀርከሃው ከላይ ከሰል እስኪመስል ይጠቁራል። የዛሬው ቀርከሃ እሳት አይቶ አያውቅም። ተወልውሎ ያብረቀርቃል። ውስጡ ዘይት የዋኘበት ተራ የዶሮ ካሪ ተገልብጦበታል። ዝም አልኩ፤ እንግዳ ይዤ ስለ ዶሮ አልከራከርም ብዬ።

ኢሊሹ መጣ። ሁለት ቁራጭ፣ ሁለት ትንንሽ ሳህን። አጎቴ አጥንቱን በጣቱ እየለቀመ ቀስ ብሎ በላ። መምህሩን በስማቸው እየጠራ ያወራልኝ ነበር።

ከዚያ ሒሳቡ መጣ።

መጀመሪያ በእጅ የተጻፈ ብጣሽ ወረቀት ነው ያመጡት። የታተመ ቢል ይምጣ አልኩ። አመጡ። ሁለት ትሪ 840። የቀርከሃ ዶሮ 650። «የባህል ዝግጅት» 500። ከዚያ ኢሊሽ፦ 1 ኪሎ ከ300 ግራም፣ 3,900 ሩፒ። በዚያ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ በሱም ላይ 5 በመቶ የጂ.ኤስ.ቲ. ግብር። ድምሩ 6,803 ሩፒ። እኛ ያዘዝነው ግብሩን ጨምሮ 2,510 ሩፒ ግድም ነበር።

አስተናጋጁን ጠራሁት። «ሁለት ቁራጭ 450፣ 450 አላልከኝም?» ዓይኔን አላየም። ትከሻውን ነቅንቆ ማናጀሩን ጠራ።

ማናጀሩ ስልኩን እየነካካ መጣ። ሳይቀመጥ፣ ሰላም ሳይል፣ «ዓሣውን አላሳዩዋችሁም?» አለ።

«አሳይተውናል።»

«እሺ ብላችኋል። ፎቶ ሁሉ አንስታችኋል። ያያችሁት ዓሣ የእናንተ ነው።»

«የበላነው ሁለት ቁራጭ ነው። የቀረው የት አለ?»

«አልበላችሁም እንጂ አልከለከልናችሁም።»

በትክክል እንዲህ ነው ያለው። ሁለት ቁራጭ አቅርቦልን፣ አልበላችሁም አለ። «እንግዲያው የቀረውን አምጣልኝ፤ ጠቅልላችሁ ስጡኝ» አልኩት። ወደ ኋላው ዞሮ ለአስተናጋጆቹ በቤንጋሊ የሆነ ነገር ነገራቸው። ሳቁ። ሦስቱም ሳቁ። ከዚያ «ኩሽናው ተዘግቷል» አለኝ። አጠገባችን ያለ ጠረጴዛ ላይ በዚያችው ደቂቃ ትኩስ ሩዝ እየቀረበ ነበር።

ሜኑው ይምጣ አልኩ። ሌላ ሜኑ አመጡ። ኢሊሹ ሥር በደቃቅ ፊደል «ዋጋው በ100 ግራም 300 ሩፒ» ይላል። ያዘዝንበት ሜኑ ይህ አይደለም። እኔ ደግሞ ለእናቴ ልልክላት የመጀመሪያውን ፎቶ አንስቼው ነበር። አውጥቼ አሳየሁት። «እሱ የድሮው ነው» አለ። የድሮው ከሆነ ከአንድ ሰዓት በፊት ማን እጄ ላይ አስቀመጠው? መልስ የለውም።

ከዚያ የማልረሳውን አደረገ። አዲሱን ሜኑ አንስቶ አጎቴ ፊት ላይ ደቀነው። አፍንጫው ድረስ። «ሽማግሌው ማንበብ አይችልም? ወይስ አያይም?» አለኝ፤ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ። ዓይኑ ገና የታከመ፣ ጠቆር ያለ መነጽር ያደረገ፣ አያቱ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። አጎቴ ሂንዲ ባይሰማም የሆነው ገብቶታል። ፊቱ ተለወጠ። እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

«ጋሼ ይተዉ፣ አይከፍሉም» አልኩ።

«ተይው ልጄ፣ ከእነሱ ጋር እኩል አንሆንም፤ ባቡሩ ያመልጠናል» አለኝ። ከያዛት ላይ ቆጥሮ ሰጠ። ማናጀሩ ብሩን በስልኩ መብራት አንድ በአንድ አየው። አጎቴ ፊት።

ሰርቪስ ቻርጁን በተመለከተም ተከራክሬያለሁ። የሕንድ የሸማቾች ጥበቃ ባለሥልጣን በሐምሌ 2022 ምግብ ቤቶች በቢል ላይ በራሳቸው እንዳይጨምሩት መመሪያ አውጥቷል፤ የደልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2025 መመሪያውን አጽንቶታል። ይህን ስነግረው «ይሄ ቤንጋል ነው፣ ደልሂ አይደለም» አለኝ። መመሪያው ግን የአገሪቱ ነው።

ስለ 500ዋ «የባህል ዝግጅት» ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። ግቢው ውስጥ የሳንታል ሴቶች ተያይዘው፣ ማዶል የሚባለው ከበሮ እየተመታ ይጨፍሩ ነበር። ቆንጆ ነው፤ ማንም አልጠየቀንም፣ ገብተን ስንቀመጥ ተጀመረ። ስንወጣ አንዷን ከቤቱ ስንት እንደሚከፈላቸው ጠየቅኳት። ፊታቸው ያለውን ትሪ አሳየችኝ። እንግዳ የሚጥልላቸውን ነው የሚካፈሉት፤ ከቢሉ የሚደርሳቸው የለም። በእነሱ ስም ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ በእነሱ ስም ምግብ ይሸጣል፣ በእነሱ ጭፈራ 500 ሩፒ ይቆረጣል። እነሱ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ለኔ ከዓሣው እኩል ያበገነኝ ይሄ ነው።

ሻንቲኒኬታንን አትሂዱ አልልም። ዩኔስኮ በ2023 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ቦታ ነው፤ አጎቴ የመምህሩን ዩኒቨርሲቲ አይቶ በጣም ደስ ብሎታል። ቅዳሜ ሶናጁሪ ደን ውስጥ ያለውን ገበያም እዩ፤ ለጨፋሪዎቹ እጃቸው ላይ ስጡ።

ምግብ ቤት ስትገቡ ግን «እንደ መጠኑ» የሚል ነገር ካያችሁ ዋጋው በቁራጭ ነው ወይስ በ100 ግራም ብላችሁ አጽፉ። እኛ አገር ሥጋ ቤት ኪሎው ፊታችን እንደሚመዘነው ዓሣውም ይመዘን፤ እምቢ ካሉ ተነሱ። ሜኑውን ፎቶ አንሱ። ሰርቪስ ቻርጅ ይነሳልን በሉ፤ የታተመ ቢል ሳትይዙ አትውጡ። የሕንድ ሸማቾች ስልክ 1915 ነው፣ ሂንዲም እንግሊዝኛም ይሠራል። እኔ ቢሉንና የሁለቱን ሜኑዎች ፎቶ ይዤ ነገ ጠዋት እደውላለሁ። እዚያ አካባቢ ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ ቢላችሁን አትጣሉት፤ አብረን እናቅርበው።