ሁለት ክረምት በአንድ ሌንስ፦ ካኖን 50 ሚሊ ሜትር በደሴ ቤትና ጓሮ

ደሴ ላይ ክረምት ሲገባ ብርሃን ቀድሞ የሚጠፋው ከቤት ውስጥ ነው። ከሐምሌ መጀመሪያ ጀምሮ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ሰፈሩን ሲሸፍን፣ ሳሎናችን እኩለ ቀን ላይ እንኳ መብራት ይፈልጋል፤ መብራቱ ደግሞ ሁልጊዜ አይገኝም። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ሙሉ ቀን ቤት የሚውሉት፣ እናቴ ከእሳቱ ዳር የማትርቀው፣ ጓሮውም በዓመት አንድ ጊዜ እንደዚህ የሚለመልመው በዚሁ ወቅት ነው። ፎቶ የሚያስነሣው ነገር ሁሉ የሚበዛው ብርሃን በሚያጥርበት ጊዜ መሆኑ ለብዙ ዓመት ሲያስቆጨኝ ኖሯል።

ስለዚህም ላለፉት ሁለት ክረምቶች ከካሜራዬ ላይ እምብዛም ስላልወረደው ሌንስ ያየሁትን በዝርዝር ለመጻፍ ወሰንኩ። ሌንሱ ካኖን ኢኤፍ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ይባላል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ ክብደቱ 160 ግራም ያህል ብቻ ነው። ዙም የለውም። አካሉ ፕላስቲክ ነው፤ ካሜራው ላይ የሚገጠምበት ቀለበት ግን ብረት ነው። እኔ የምጠቀምበት በካኖን ኢኦኤስ 2000ዲ ላይ ሲሆን፣ ካሜራውንም ሌንሱንም የገዛሁት ያገለገሉ ሆነው ነው። ፎቶ አንሺነት ሙያዬ አይደለም፤ የማነሣው ልጆቼን፣ እናቴንና ጓሮዬን ነውና ግምገማዬም ከዚህ አንጻር ይነበብልኝ።

ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚሳበው ሌንስ፣ እስከ መጨረሻው ሲሳብ የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ይኸኛው እስከ ኤፍ 1.8 ይከፈታል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ስለሚሰፋ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወደ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ነው። ይህ በወረቀት ላይ ሲታይ ደረቅ ቁጥር ይመስላል፤ በጨለማ ሳሎን ውስጥ ግን የተሳካና የተበላሸ ፎቶ የሚለዩበት ነጥብ ነው። በአንደኛው ሌንስ 1/10 ሰከንድ የሚጠይቀው ፎቶ በሌላኛው በ1/100 ሰከንድ ይነሣል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ በ1/10 ሰከንድ ውስጥ ጭንቅላቷን ለማዞር፣ ለመሳቅና ካጠገባችሁ ለመነሣት በቂ ጊዜ አላት።

ይህን በሚገባ የተረዳሁት ባለፈው ነሐሴ አንድ ምሽት ነው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ መብራት ጠፍቷል፤ እናቴ በከሰል ምድጃው ላይ እሸት በቆሎ ትጠብሳለች። ትንሿ ልጄ ከምድጃው ፊት ቁጢጥ ብላ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች፤ ባራገበች ቁጥር ፍሙ ይቀላና ፊቷ ከአገጯ ወደ ላይ ይበራል፣ ስታርፍ ደግሞ ይጨልማል። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜታዊነት) 3200 ላይ፣ ሻተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/80 ሰከንድ ላይ አድርጌ፣ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ፣ ከፍሙ መቅላት ጋር እየተከተልኩ ደጋግሜ አነሣሁ። ከእነዚያ ፎቶዎች አንዱ አሁን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከበቆሎው ጸጉር አንዲት የተቃጠለች ክር አውራ ጣቷ ላይ ተጣብቃ ትታያለች፤ ዓይኖቿ ውስጥም የፍሙ ቅላት አለ። ፍላሽ ተጠቅሜ ቢሆን ኖሮ ያ ቅላት በነጭ ብርሃን ተውጦ ይቀር ነበር፤ ልጄም ከብልጭታው በኋላ እንደዚያ ተመስጣ የምትቀጥል አይመስለኝም። በእርግጥ አይኤስኦው ከፍ ሲል ፎቶው ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስል ሻካራነት ይታያል። ለእኔ ይህ እንደ ጉድለት አይቆጠርም፤ በፍም ብርሃን የተነሣ ፎቶ ትንሽ ሻካራ ቢሆን ያምርበታል።

ሰፊው ቀዳዳ የሚያስከፍለው ዋጋም አለ። ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ በኤፍ 1.8 ስናነሣ ከፊት ወደ ኋላ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት ሦስት ሴንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። የቅርቡ ዓይን ሲጠራ ጆሮ ይደበዝዛል፤ ልጁ ትንሽ ወደ ፊት ዘመም ካለ ደግሞ ፎከሱ ፀጉሩ ላይ ያርፍና ፊቱ በሙሉ ብዥ ይላል። በመጀመሪያው ክረምት ብዙ ፎቶ ያበላሸሁት ቀዳዳውን ሁልጊዜ ከፍቼ በመተዌ ነበር። አሁን ለአንድ ሰው ኤፍ 2.8፣ ጎን ለጎን ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ኤፍ 4 እጠቀማለሁ፤ ኤፍ 1.8ን የማስቀምጠው ብርሃን ፈጽሞ ላጣሁበት ሰዓት ነው። የካሜራውን ዘጠኝ የፎከስ ነጥቦች በራሳቸው እንዲመርጡ መተውም አይመከርም። የመሐሉን ነጥብ ብቻ መርጦ፣ ለካሜራው በሚቀርበው ዓይን ላይ አሳርፎ፣ ወዲያው መጫን ይሻላል።

ሁለተኛው ልናውቀው የሚገባን ነገር ጥበቱ ነው። የ2000ዲ ሴንሰር፣ ማለትም ምስሉ የሚያርፍበት የካሜራው ክፍል፣ ከሙሉ ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ የድሮውን የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል ከሆነ ካሜራ) ሴንሰር ስለሚያንስ፣ 50 ሚሊ ሜትሩ በሙሉ ፍሬም ላይ 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ የሚያሳየውን ያህል ብቻ ያሳያል። በሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቆሞ ወደ ጎን የሚይዘው ስፋት 1.3 ሜትር ያህል ነው፤ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት መሆኑ ነው። ለቡሄ ዘመድ ተሰብስቦ ሙልሙሉ ሲቆረስ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌም እንኳ ሦስተኛውን ሰው ማስገባት አልቻልኩም። ለእንዲህ ያለው ጊዜ አብሮ የመጣውን ሌንስ ወደ 18 መልሶ መጠቀም ወይም በስልክ ማንሣት ነው የሚበጀው፤ ስልክ ሰፊ ነገር ለመያዝ እጅግ ጎበዝ ነው።

ጥበቱ ግን ከእናቴ ጋር ላለኝ ጉዳይ በረከት ሆኖልኛል። እናቴ ስልክ ፊቷ ሲደቀን ትደርቃለች፤ ከንፈሯን ትገጥምና የመታወቂያ ፎቶ እንደምትነሣ ሆና ትቀመጣለች። በዚህ ሌንስ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብዬ፣ በሩ ጋ ተቀምጬ፣ ከቡናው አቦል እስከ በረካው ድረስ ሳልቸኩል እጠብቃታለሁ። ካሜራውን ስታይ «አሁንማ አታንሣኝ፣ ነጠላዬን ላስተካክል» ትላለች፤ እኔም የማነሣት ልክ ነጠላዋን ስታስተካክል ነው። ጣቶቿ ጥለቱን ይዘው፣ አንገቷ ትንሽ ዘንበል ብሎ፣ ዓይኗ ጀበናው ላይ ሆኖ የተነሣችው ፎቶ፣ በዕድሜዋ ሙሉ ከተነሣቻቸው ሁሉ እሷን የሚመስለው እሱ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ወደ ጓሮው ስንወጣ የክረምቱ ደመና ከባላንጣነት ወደ ወዳጅነት ይለወጣል። በበጋ ቀጥ ብሎ የሚወርደው የደጋ ፀሐይ ቅጠሉን ያነጣዋል፣ ጥላውንም ያጠቁረዋል፤ በክረምት ግን ሰማዩ በሙሉ እንደ አንድ ሰፊ መብራት ሆኖ ብርሃኑን ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ያፈሳል፣ አረንጓዴውም በትክክለኛ ቀለሙ ይወጣል። ጥሩው ሰዓት ማለዳ ነው፤ ሌሊት የዘነበው ቅጠል ላይ ሳይደርቅ፣ ነፋሱም ሳይነሣ። የጎመን ቅጠል ሰም መሰል ሽፋን ስላለው ውሃ አያርሰውም፤ ጠብታው ድቡልቡል ሆኖ በቅጠሉ ሥር ሥሮች መካከል ይቆማል፣ ቅጠሉን ነካ ሲያደርጉትም እንደ ብይ ይንከባለላል። ትልቁን ጠብታ በቅርበት ሳነሣው ከጀርባው ያለው አጥር በውስጡ ተገልብጦ ይታያል። ልጆቼ ይህን በካሜራው ጀርባ ካሳየኋቸው ወዲህ ማለዳ ከእኔ ቀድመው ጎመኑ ጋ ይገኛሉ።

ሌንሱ ሊጠጋ የሚችለው እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው፤ በዚያ ርቀት ፎቶው ወደ ጎን አሥር ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይይዛል። ለእስስት ይህ ልክ ነው። ሐምሌ ላይ ከጌሾው ቅርንጫፍ አንዷን አግኝተን፣ ጠማማ ጅራቷንና ለየብቻቸው የሚዞሩትን ሁለት ዓይኖቿን ሳላስደነግጣት አንሥቻለሁ። ዱባ አበባ ውስጥ ለገባች ንብ ግን ርቀቱ ይበዛል፤ ንቧ የፎቶውን ስፋት አንድ ስምንተኛ እንኳ አትሞላም። መፍትሔው በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ነው። በውስጡ መስታወት ስለሌለው ዋጋው ቀላል ነው፤ ሥራው ሌንሱን ከሴንሰሩ ማራቅ ብቻ ነው። 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሥር ሲገባ፣ ነገሩ ሴንሰሩ ላይ ቢያንስ በግማሽ የእውነተኛ መጠኑ ያርፋል፤ ንቧም ከነአቧራዋ ትወጣለች። ቱቦ ሲገዛ ግን የኤሌክትሪክ ነጥቦች ያሉት መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቀዳዳውን ከካሜራው መቆጣጠርም ሆነ በራስ ሰር ፎከስ ማድረግ አይቻልም። በዚህ ቅርበት ጥርት የሚለው ጥልቀት ሚሊ ሜትሮች ብቻ ስለሆነ ኤፍ 8 ወይም ከዚያ በላይ ማድረግም ግድ ነው። ጽዱ ላይ ለሚያርፉ ወፎች ደግሞ ይህ ሌንስ አይሆንም፤ በጣም አጭር ነው።

ስለ እርጥበት ጠንከር አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። ይህ ሌንስ ውሃ እንዳይገባው ተደርጎ የታሸገ አይደለም፤ ካፊያ ሲጀምር ከልብስ ሥር መክተት ነው። ከዝናቡ ይበልጥ ያስቸገረኝ ግን እንፋሎት ነው። አንድ ቀን ከቀዝቃዛው ጓሮ በቀጥታ እንጀራ ወደሚጋገርበት ማድ ቤት ገባሁና መስታወቱ በአንድ ጊዜ ታወረ፤ ቸኩዬ በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩትና የፊቱ መስታወት ላይ እስከ ዛሬ የምትታየኝን ቀጭን ጭረት አተረፍኩ። ከዚያ ወዲህ ወደ ሞቃት ክፍል ከመግባቴ በፊት ካሜራውን በፌስታል ጠቅልዬ አፉን እቋጥራለሁ፣ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝም ሩብ ሰዓት ያህል እጠብቃለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ክዳኑ በሚገባ በሚገጥም የምግብ ማስቀመጫ ፕላስቲክ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚወጡት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር አስቀምጠዋለሁ። እርጥበት ባለበት ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ለወራት የተቀመጠ ሌንስ በውስጡ ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታው ቆይቶ መስታወቱን ከበላው በጥገናም አይመለስም።

ፎቶው ታጥቦ እጅ ላይ ካልገባ ሥራው አላለቀም ብዬ ስለማምን፣ ስለ ማሳጠብም አንድ ነገር ልበል። የካሜራው ፎቶ ሦስት ለሁለት በሆነ መጠን ስለሚወጣ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ወረቀት ላይ ልክ ይገባል፣ 13 በ18 ላይ ግን ጎኑ ይቆረጣል። ከከተማችን ፎቶ ቤቶች አንዱ ይህን ሳይነግረኝ የእናቴን ፎቶ በ13 በ18 አጥቦ ነጠላውን የያዘውን እጇን ቆርጦ ሰጠኝ፤ ስጠይቅም ማሽኑ ነው ተባልኩ። በድጋሚ ከፍዬ በ10 በ15 አሳጠብኩት። ሩቅ ላሉት እህቶቼ ደግሞ ካሜራው በዋይፋይ ወደ ስልኬ ያስተላልፍልኛል፣ እኔም በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ።

ቤታቸው ውስጥ እንደ እኔው ዓይነት የካኖን ካሜራ ከነመደበኛ ሌንሱ ላላቸው ሰዎች አስተያየቴ ግልጽ ነው፦ አዲስ ካሜራ ለመግዛት ከማሰብ በፊት ይህን ሌንስ ይግዙ። ያገለገለ ሲገዙ ከቀድሞው ዓይነት ጋር እንዳያምታቱት ይጠንቀቁ፤ ሻጮች ሁለቱንም «ሃምሳው» ይሏቸዋልና። የቀድሞው መግጠሚያ ቀለበቱ ጭምር ፕላስቲክ ነው፣ ከ45 ሴንቲ ሜትር በላይም አይጠጋም፤ በአዲሱ ላይ ኤስቲኤም የሚለው ጽሑፍ አለ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንተው ከፊትም ከኋላም ውስጡን ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ክር ካዩ ዋጋው የቱንም ያህል ቢቀንስ ይተዉት። ከዚያ የራስዎ ካሜራ ላይ ገጥመው፣ ቀዳዳውን ኤፍ 1.8 ላይ አድርገው፣ አብሮዎት የሄደውን ሰው ከአንድ ሜትር ርቀት ዓይኑ ላይ ፎከስ አድርገው ያንሡትና ፎቶውን አጉልተው ይዩት። ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ ሌንሱ ጤነኛ ነው።