የዋንጋሪ ማታይ «አንባውድ»፣ ልግዛው ወይ ለምትሉ

እውነቱን ለመናገር የኖቤል ተሸላሚ ስለራሱ ሲጽፍ እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ ብዬ ገዝቼው ሁለት ወር ሳልከፍተው ተቀመጠ፣ ከጀመርኩት በኋላ ግን በአራት ቀን ጨረስኩት። ኬንያዊቷ የአካባቢ ጥበቃ ታጋይ ዋንጋሪ ማታይ በፈረንጆቹ 2006 ያሳተመችው የራሷ ታሪክ ነው፣ እንግሊዝኛውም አያስቸግርም።

ልጅነቷ ላይ ያለው ክፍል ይለያል። ኒዬሪ አካባቢ ኢሂቴ የምትባል መንደር አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ አለ፣ የእግዜር ዛፍ ስለሆነ ከሱ ጭራሮ እንዳትለቅሚ ትላታለች እናቷ፣ እዛው አጠገብ ምንጭ አለ፣ ልጅቷ የእንቁራሪት እንቁላል ዶቃ መስሏት አንገቷ ላይ ልታስር ትታገላለች (እዚህ ጋ ብቻዬን ሳቅኩ)። አሜሪካ ተምራ ስትመለስ መሬቱን የያዘው ሰው ቦታ ያዘብኝ ብሎ ሾላውን ቆርጦ ሻይ ተክሎበታል፣ ምንጩም ደርቋል። በቃ ከዛ በኋላ ያለውን ሁሉ ሳነብ ያቺ ምንጭ ከአእምሮዬ አልወጣ አለች።

ግሪን ቤልት የተባለውን የዛፍ ተከላ እንቅስቃሴዋን በ1977 ሰባት ዛፍ ተክላ ነው የጀመረችው። እኔን የገረመኝ አሰራሩ ነው፣ የደን ባለሙያዎቹ ዛፍ ለመትከል ዲፕሎማ ያስፈልጋል ሲሉ የገጠር ሴቶቹ በተሰበረ ማሰሮ ሳይቀር ችግኝ ያፈላሉ፣ የሚከፈላቸው ደግሞ ለተተከለው ሳይሆን ለጸደቀው ነበር፣ በአንድ ችግኝ 4 የአሜሪካ ሳንቲም። ተክሎ ፎቶ ተነስቶ መሄድ የለም ማለት ነው 😄

ፍቺዋንም አልደበቀችም። ባሏ ስሜን መልሺ ሲላት በእንግሊዝኛው አጻጻፍ አንድ «ኤ» ጨምራበት የራሷ አደረገችው፣ ዳኛውን ተቸች ተብላም ታሰረች። በ1989 ናይሮቢ መሃል ያለው ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሊሰራ ሲል ስትቃወም ፓርላማ ውስጥ እሷንና አብረዋት ያሉትን ሴቶች «ፈቶች» እያሉ ሰደቧቸው፣ ሕንጻው ግን ሳይሰራ ቀረ። በ1992 ልጆቻቸው በፖለቲካ የታሰሩባቸው እናቶች እዛው ፓርክ የረሃብ አድማ ሲያደርጉ አብራቸው ነበረች፣ ፖሊስ ራሷን እስክትስት ደበደባት፣ እናቶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ፖሊሶቹ ፊት ቆሙ። እዚህ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ መቀመጥ ነበረብኝ።

ቅሬታ አለኝ። መሃል ላይ የፓርቲና የባለስልጣን ስም ይበዛል፣ የፕሬዝዳንት ሞይን ዘመን ለማያውቅ ሰው ይደክማል። ፓርላማ የገባችበትና የ2004ቱ ኖቤል ደግሞ ሩጫ ነው፣ አንድ ሃምሳ ገጽ ብትጨምርበት ምን ነበረበት? በ2011 ስትሞት ዛፍ እንዳይቆረጥባት ተናዝዛ በቀርከሃ፣ በፓፒረስና በእንቦጭ በተሰራ ሳጥን ሆና ነው አስከሬኗ የተቃጠለው፣ ይሄ እንግዲህ መጽሐፉ ውስጥ አይገኝም።

ከአምስት አራት ተኩል። ያገለገለ ከመግዛታችሁ በፊት ግን ጥርዙን እዩ፣ የኔው ገና ናይሮቢ ያለው የካሩራ ደን ውዝግብ ጋ ስደርስ ቅጠል በቅጠል መርገፍ ጀመረ፣ እህቴ አሁን በላስቲክ አስራ ነው የምታነበው።